የእትዬ ግራ ጉንጭ

ታላቅ እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ «እትዬ መጋረጃ» ነው የሚላት። እሷም ለምዳው ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ መጋረጃ ነኝ» ትላለች። እኔ ከሱቋ ጎን፣ ግድግዳ ብቻ በሚለየን ክፍል ውስጥ ፎቶ አነሳለሁ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ አናቴ ላይ የቀረ ፀጉር የለም፤ እሷ ግን ዛሬም ደንበኛ ፊት «ማሙሽ!» እያለች ትጠራኛለች። አያናድደኝም ብል ውሸቴን ነው። ግን እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናትና ምን አፍ አለኝ?

መጀመሪያ ስለ ሥራዋ ልንገራችሁ። ሰው አሁን ስለ እሷ ሲያወራ የሚያወራው ስለ ፊቷ ብቻ ነው፤ ይሄ ያበሽቀኛል። እትዬ ሥራ ላይ ስትሆን ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ስድስት ሰባት ስፒል በከንፈሯ ትይዛለች። በስፒሎቹ መሃል ታወራለች፣ ትስቃለች፣ የማይሆን ቀለም የመረጠ ደንበኛ ትገስጻለች፤ አንዲት ስፒል ግን ከአፏ ወድቃ አታውቅም። መስኮት በዓይኗ አይታ «ሁለት ከሰማንያ» ካለች ሜትሩም የሚለው ሁለት ከሰማንያ ነው። አንድ ጊዜ የሰቀለችው መጋረጃ ሁለት ጣት አጥሮባት ራሷ ሄዳ አወረደችው፤ ባለቤቶቹ እንኳ አላዩትም ነበር።

ጣጣው የጀመረው በጥርስ ነው። በግራ በኩል ሁለት መንጋጋዎቿ ተነቀሉ፤ ከዚያ ወዲህ የግራ ጉንጯ ስርጉድ አለ። ሕመምም ክሳትም አልነበረም፣ ስርጉድ ብቻ። ደንበኛ ግን ገና ከበሩ ሲገባ «አሞሽ ነበር እንዴ?» ይላል። መጀመሪያ ላይ «ኧረ ደህና ነኝ» ትል ነበር። ቆይታ «ሞቼ ተመልሼ ነው፣ መጋረጃሽን ሳልጨርስ ብሄድ ትከስሺኛለሽ ብዬ» እያለች ታስቃቸው ጀመር። በኋላ ቀልዱም አለቀባት። አንድ ቅዳሜ በግድግዳው በኩል ስሰማ ዘጠኝ ሰው ጠየቃት። ዘጠነኛው ሲጠይቃት የስፌት መኪናዋን ድምፅ ጨመረችበት።

መታወቂያዋን ለማሳደስ ፎቶ ያነሳኋት በዚያው ሰሞን ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ የሰውን ፊት ፎቶው ላይ ማጽዳት ነው። ሰው ፎቶ ቤት የሚመጣው ፊቱን ሊያይ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቱንማ ቤቱ መስታወት አለው። ኮምፒውተሩ ላይ ጉንጯን ሞላሁላት፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ አነሳሁ፣ ከንፈሯን ትንሽ ከፍ አደረግሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እትዬ ፎቶውን ይዛ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ማሙሽ፣ አንድ ትርፍ አውጣልኝ» አለችኝ። «ተለቅ ያለ ይሁን።»

አወጣሁላት። የወደደችው መስሎኝ ደስ እንዳለኝ አልክድም።

ትርፉን ፎቶ የት እንደወሰደችው ያወቅሁት ከሆነ በኋላ ነው። ከኛ ሁለት መንገድ ዘልቆ አንድ የውበት ሳሎን አለ፤ ፎቁ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት የጎደጎደ ጉንጭ የሚሞላ፣ ፊለር የሚሉትን ነገር ትወጋለች። ሴቶቹ «መርፌዋ» ነው የሚሏት። እትዬ ፎቶውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ «እንደዚህ አድርጊኝ» አለቻት። መርፌዋም ፎቶውን አየች፣ ጉንጯን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች፣ «ቀላል ነው» አለች። በሁለት ቀጠሮ አለቀ። ምን እንደተወጋች እትዬ አልጠየቀችም። የመስኮት ጨርቅ ስትገዛ ክሩን መዝዛ፣ ለኩሳ፣ አሽትታ የምትገዛ ሴት ፊቷ ውስጥ የገባውን አልጠየቀችም!

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አምሮባት ነበር። ጠያቂው ጠፋ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጥታ «ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም እኮ» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ዛሬም ያቃጥለኛል። እኔም ጅሉ «እትዬ፣ ፎቶሽን መሰልሽ!» አልኳት። ያን ቀን ምላሴን ቢቆርጠው ምን ነበር!

በአራተኛው ወር ግራ ጉንጯ ውስጥ ባቄላ የሚያህል ጠጠር ተዳሰሳት። ከዚያ አበጠ፣ ቀላ፣ ጠነከረ። የታችኛው የዓይኗ ቆብ ወደ ታች ተጎተተ፤ ከንፈሯ በግራ በኩል አልገጥም አለ። አንድ ጠዋት ግድግዳው ማዶ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁና ብሄድ ስፒሎቹ ናቸው፤ ከአፏ እየወደቁ። ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፣ መልሳ ትይዛለች፣ መልሰው ይወድቃሉ። አብሬያት ለቀምኩ። 

መርፌዋ ዘንድ ብንሄድ «በሞቀ ፎጣ እሺው፣ ይጠፋል» አለች። እትዬ አሸችው። ጠዋት አሸችው፣ ማታ አሸችው፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ክፍሉ ተቆልፏል፣ ስልኳም አይሠራም። የሳሎኑ ባለቤት ከአንዲት ሴት ፀጉር ላይ ቀና ሳትል «ክፍሉን ተከራይታ ነው እንጂ የኛ ሠራተኛ አይደለችም» አለችን። ምን እንደወጋቻት እንኳ የሚነግረን ሰው አልተገኘም። እጅ እግሬ ታሰረ። ማንን ይዤ ማንን ልጠይቅ?

ሱቋ ውስጥ ደግሞ የባሰ መጣ። ያ ሁሉ «አሞሽ ነበር እንዴ» ባይ አሁን በእርግጥ ስትታመም አንድም የሚጠይቃት ጠፋ። እያወራት ዓይኑን መጋረጃው ላይ ይተክላል። አንዱ ደንበኛዬ እኔው ወንበር ላይ ተቀምጦ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት፤ የማን ወንድም እንደሆንኩ አላወቀም። ፎቶውን ሳላጸዳ ከነኪንታሮቱ፣ ከነተንጠለጠለው አገጩ አትሜ ሰጠሁት። «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብሎ ጮኸብኝ። በቀሌ ይቺው ናት፤ ከዚህ በላይ አቅም አልነበረኝም።

በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል የፊት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጉንጯን በሁለት ጣት ከውስጥና ከውጭ ይዘው ብዙ ቆዩ።

«የሚሟሟ ዓይነት አለ» አሉ። «እሱ ቢሆን በመድኃኒት አሟሙተን እንገላገል ነበር። ይሄ የማይሟሟው ነው፤ ከሥጋው ጋር ተዋህዷል። ጨርሼ ላወጣው አልችልም። ከአፍ ውስጥ ገብቼ መቀነስ ግን እችላለሁ። የቱ ጋ ማቆም እንዳለብኝ ለማወቅ የድሮ ፊትዎን ማየት አለብኝ። ፎቶ ያምጡልኝ፤ ያልተነካካ ፎቶ።»

እትዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «ዶክተር፣ በፎቶማ አንታማም! ወንድሜ ፎቶ አንሺ ነው» አለች፣ ትከሻዬን መታ አድርጋ።

እኔ ክው አልኩ።

የኛ ሥራ አንድ ልማድ አለው። ያስተማሩኝ ሰውዬ «ደንበኛ ጥሬ ፊቱን እንዳያይ» ይሉ ነበር፤ «ካየ የሚጠላው ፊቱን ሳይሆን አንተን ነው።» ስለዚህ ሳጸዳ ባልተነካው በጥሬው ፎቶ ላይ ደርቤ ነው የማስቀምጠው፤ ጥሬው ይጠፋል፣ «የመጀመሪያውን አሳየኝ» ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሠራሁ። እህቴንም እንደዚያው። እንዲያውም እሷን ከሁሉ አብልጬ፤ ስለምወዳት።

ሦስት ቀን ፈለግሁ። ኮምፒውተሩን አገላበጥኩ፣ የድሮ ሲዲዎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። ዘመዶቻችን ስልካቸውን እንዲፈትሹ ለመንኩ። ስልክ ሲወጣ እትዬ ፊቷን በእጇ ትከልላለች፤ «እኔን የሚያነሳኝ ማሙሽ ብቻ ነው» ትላለች። የአክስታችን ልጅ የላከችው አንድ ፎቶ ቢገኝ ስልኩ ራሱ አጽድቶት ፊቷ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። ሌላው ላይ ጀርባዋን ሰጥታለች። የሚረባ አንድም አልተገኘም።

እውነቱን መናገር ሲገባኝ አሥራ አራት ፎቶ መርጬ ይዤ ሄድኩ። ምናልባት አያውቁብኝም ብዬ ነው፤ ፈሪ ነኝ። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው፣ ማስመሪያ አወጡ፣ ለኩ።

«የሰው ሁለት ጉንጭ እኩል ሆኖ አያውቅም» አሉኝ። «የእህትህ ግን በአሥራ አራቱም እኩል ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ማርያም የሳመቻት አለ፤ ፎቶዎቹ ላይ ወዴት ሄደ?»

እኔው እንዳጸዳኋቸው ተናገርኩ።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። «የትኞቹን ነው ያጸዳኸው?»

«ሁሉንም።»

«የመታወቂያውን ማለትህ ነው?»

«ሁሉንም፣ እትዬ።»

«የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳሁትንም?»

«እሱንም።»

የሠርጉን ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አየችው። «እኔ እኮ ያን ቀን ያማርኩ መስሎኝ ነበር» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለፎቶው ነው የምትናገረው። አንጀቴን በላችው። «አምረሽ ነበር» አልኳት፤ ማን ያምነኛል?

ሐኪሙ የፊት ንድፍ ያለበት ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። «በየቀኑ ታያት ነበር። እስቲ ጉንጯ የቱ ጋ ይጎደጉድ እንደነበረ አሳየኝ።»

እርሳሱን ያዝኩ። አርባ ዓመት ያየሁት ፊት ነው። ልጅ ሆኜ ሲያመኝ ከላዬ የማይጠፋው ፊት ነው። ዓይኔን ጨፈንኩና ጉንጯን ፈለግሁት። የሚመጣልኝ ኮምፒውተሩ ላይ የሞላሁት ነው። አጠፋሁ፣ እንደገና ጀመርኩ። ሲያልቅ ሐኪሙ ወረቀቱን ከአሥራ አራቱ ፎቶዎች አጠገብ አስቀመጡት።

«ይሄ ያው ፎቶው ነው» አሉ። አልተቆጡም።

እትዬን ጠየቋት። «እኔማ» አለች፣ «መስታወት ከጠላሁ ስንት ጊዜዬ! የማውቀው እሱ የሚሰጠኝን ፎቶ ነው።»

ሐኪሙ በግምት እንደሚሠሩ ነገሩን። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ከንፈሯ ምናልባት ይገጥማል፤ ፊቱ ግን የድሮው ፊቷ ይሁን አይሁን ቃል አልገባም አሉ። ሳቋ የሚመለስ ስለመሆኑ ስጠይቃቸው እስክሪብቷቸውን ከደኑ። ቀጠሮው ለሦስት ሳምንት ሆነ። እስከዚያ አሁን ያለችበትን የሚያሳይ አራት ፎቶ እንድልክላቸው አዘዙኝ፤ ፊት ለፊት፣ በቀኝ፣ በግራ፣ አንዱን ደግሞ ስትስቅ። የትኛው ጡንቻ እንደሚሠራ የሚያዩት በሳቅ ነው አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ወደ እኔ መጣች። ሻርፗን ከፊቷ ፈትታ ሙሽሮች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን አስተካከለች። መብራቱን አበራሁ። ፊት ለፊት አነሳኋት፣ ከዚያ በቀኝ። በግራ ስትዞር ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

አራተኛው ቀረ።

«ሳቂ፣ እትዬ» አልኳት። ይህን ቃል በቀን ሃምሳ ጊዜ እለዋለሁ።

ሳቀች። ቀኙ ወደ ላይ ሄደ፣ ግራው እዚያው ቀረ። የማይከደነው ግራ ዓይኗ እንባ አወረደ፤ ታልቅስ አታልቅስ ከሳቋ ልለየው አልቻልኩም። አነሳሁት።

«እስቲ አሳየኝ» አለች።

«ቆይ፣ ላጽዳልሽና» አልኳት።

ወዲያው ከአፌ እንደወጣ ሰማሁት፤ ግን ወጥቷል። እትዬ ከወንበሩ ሳትነሳ አየችኝ። ብትቆጣ፣ ብትሰድበኝ፣ ያንን ወንበር አንስታ ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አጽዳ፣ ማሙሽ» አለች በግማሽ ከንፈሯ። «ፎቶውን ግን አይደለም፤ ይሄንን።» እጇን አንስታ ጉንጯን ነካች።

ሻርፗን አስራ ወደ ሱቋ ሄደች። ከግድግዳው ማዶ የመኪናዋ ድምፅ ሲጀምር አራቱንም ፎቶ ሳልነካቸው ለሐኪሙ ላክሁ። ሌላ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም።