ከሥር የሚያልቁት ካልሲዎች

ጠዋት ከአልጋው ከመውረዱ በፊት ጎንበስ ብሎ ወለሉን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ማድረግ የቆየ ልማዱ ነው። ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ከሥሩ ስሚንቶ ያልደረሰው ንጣፍ ካለ በድምፁ ያውቀዋል። የመኝታ ቤታቸው ወለል ልጆቻቸው ዳዴ ካሉበት ጊዜ ጀምሮ ተድረው እስኪወጡ ድረስ አንድም ቀን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ እሱ ግን ያንኳኳል። ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ መጎንበስ ስለማይችል አሁን የምታንኳኳለት ሚስቱ ናት።

«ምን ይላል?» ይላታል ትራሱ ላይ እንዳለ።

«ደህና አደራችሁ ይላል።»

«እሱማ ጨዋ ነው። ከቁምሣጥኑ አጠገብ ያለውስ?»

ታንኳኳለታለች። መጀመሪያ እሱን ደስ ለማሰኘት ብላ ነበር። እያደር ግን ጆሮዋ ለመደና የአንዱን ድምፅ ከሌላው ለመለየት እሷም በእንብርክኳ ትቆይ ጀመር። ድሮም ነገር መመርመር ትወዳለች።

ባሏን ሰፈሩ «ውኃልክ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ወለል ከሚያስተካክልበት መሣሪያ ነው፤ ተጣብቆ የቀረው ግን በጠባዩ ነው። ቃሉን አያጥፍም፣ ለቀልድ እንኳ አይዋሽም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲካሰስ «ውኃልክ ይጠየቅ» ይባላል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ እንዴት እንደወደቀ ሲጠየቅ በየቀኑ ሌላ ምክንያት መስጠት የጀመረው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋውም እዚያው ቤታቸው፣ በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ነው። ውኃልክ እግሩን ትራስ በተደረገበት ወንበር ላይ ዘርግቶ ከስፌት መኪናዋ ጎን ይውላል። ልብስ ሊለካ የመጣ ሁሉ ጉልበቱን ሳያይ አያልፍም፣ አይቶም ሳይጠይቅ አይቀርም።

«ምን ነካዎት ጋሼ?» አለችው ቀሚሷን ልታስጠብብ የመጣች የባንክ ሠራተኛ።

«ደረጃ አዳልጦኝ ነው፣ ልጄ።»

ሰፊዋ ከቀሚሱ ጠርዝ ሥር ተንበርክካለች፤ አፏ ስፒል ሞልቷል። ሲሠራበት የነበረው ቤት ደረጃ እንደሌለው ታውቃለች። ግን ስፒል በአፍ ይዞ ምን ይባላል?

ከሰዓት በኋላ ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ጡረተኛ መምህር ደግሞ ጠየቁት።

«መሰላል ከዳኝ» አላቸው።

«መሰላል?» አሉ መምህሩ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት። «አንተ እኮ ወለል ነው የምትሠራው። ወዴት ልትወጣ ነው?»

ሰፊዋ ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። «እስቲ መልስላቸው።»

«ሱሪያቸውን ለኪ አንቺ» አላት ጆሮው እየቀላ።

እሷ የምታውቀው ጥቂት ነው። ያን ቀን የአንድ አዲስ ቤት ሳሎን ብቻውን ሲሠራ ቆይቶ ጨርሶ ነበር። የቤቱ ዘበኛ ጩኸት ሰምቶ ሲገባ ወለሉ መሀል ተዘርሮ አገኘው፤ ደግፎም በታክሲ አመጣው። ጫማውን በፌስታል አስረከባት። «በሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው ያገኘሁት» አላት። ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከነክናታል። አዳልጦት የወደቀ ሰው ጫማውን መቼ አሰናድቶ አስቀመጠው?

ሐኪሙ የጉልበቱን ምስል እያሳያቸው ጅማቱ መበጠሱን፣ ልም አጥንቱም መቀደዱን ነገራቸው። ውኃልክ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ሚስቱ ወንበሯን አስጠጋች። ተቀደደ ማለት እንደ ጨርቅ ነው? ይሰፋል? በምን ዓይነት ክር? ሐኪሙ የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ያለው ይመስላል። ልም አጥንቱ እንደሚሰፋ፣ በተበጠሰው ጅማት ፈንታ ግን ከራሱ ከእግሩ ጅማት ወስደው እንደሚተኩለት አስረዳት።

«ከራሱ ጨርቅ እንደሚወጣ እራፊ» አለች።

«በትክክል» አለ ሐኪሙ። ከዚያ ወደ ውኃልክ ዞረ። «ስትወድቅ እግርህ መሬት ይዞ ሰውነትህ ነው የዞረው?»

«እንደዚያ ነገር።»

«ምን ስታደርግ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ባሏ ሊጠይቅ ያልደፈረውን እሷ ጠየቀችለት። «መንበርከክስ ይችላል?»

ጉልበቱ በቀዶ ጥገና ከተሠራና ከዚያ በኋላ የሚታዘዝለትን እንቅስቃሴ ሳይሰለች ከሠራ ተስፋ እንዳለው ሐኪሙ ነገራት። ካልተሠራ ጉልበቱ በየመንገዱ እየከዳው ይኖራል። ተንበርክኮ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ነገር የለም። ስለዚህ በቀዶ ጥገናው ዋዜማ፣ ምሳ በልተው ሲጨርሱ፣ ውኃልክ «እኔስ ይቅርብኝ» ሲል ጆሮዋን አላመነችም።

«ምኑ ነው የሚቀርብህ?»

«ቀዶ ጥገናው።»

«ምላጩን ፈርተህ ነው?»

«ምላጭ ምን ያደርገኛል።» ክራንቹን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «አብሮኝ የሚሠራውን ቀቢ ታውቂው የለ? ወንድሙን ማደንዘዣ ሲሰጡት የሆዱን ሁሉ ዘረገፈው አሉ። አማቱን ሳይቀር አነሳ። ነርሶቹ ማከሙን ትተው ሲያዳምጡት ዋሉ።»

ሳቋን ዋጠች። «አንተ ደግሞ የምትዘረግፈው ምን አለህ?»

«አለኝ።»

በዚህን ጊዜ ሳቋ ጠፋ። መቀሷን አስቀመጠች። «ሴት ናት?»

«ኧረ ተይኝ እባክሽ። በዚህ ጉልበት ማን ላይ ልደርስ።»

ተነሥታ ከቅርጫቱ አንድ ካልሲ አወጣችና ከደህናው ጉልበቱ ላይ ዘረጋችለት። ስትጠግነው የነበረ ነው።

«የሰው ሁሉ ካልሲ በአውራ ጣትና በተረከዝ ያልቃል» አለችው። «ያንተ ከሥር፣ እንዳለ ነው የሚሳሳው። ከተጋባን ጀምሮ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ጫማ የሚያደርግ ሰው ካልሲው እንዴት እንዲህ ይሆናል እያልኩ። ጫማህ በር ላይ፣ አንተ መሀል ቤት። በል እንግዲህ።»

ካልሲውን አገላብጦ አየው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ነገራት። ወሬው ረዥም አልነበረም። ሲጨርስ አፏን በእጇ ይዛ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ስፒል አልነበረበትም።

«ለሰው ስታወሪ ሌላውን ሁሉ አውሪ» አላት። «ይህችን ብቻ ዝለያት። ውኃልክ ነኝ እኮ።»

«እዘላታለሁ።»

«ነገ እኔው ራሴ ብዘረግፈውስ?»

«የሚያደነዝዙህ ከወገብህ በታች ነው። ነርሷ ነግራኛለች። አፍህ ከወገብህ በላይ ነው ብዬ ነው እኔ የማውቀው።»

ቀና ብሎ አያት። «ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ብነግርህ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?»

በማግስቱ ባለ ጎማው አልጋ ላይ አስተኝተው ሊያስገቡት ሲሉ እጁን ወደታች ሰደደ፤ ወለሉ ጋ አልደረሰለትም። እሷ ተንበርክካ ኳ ኳ አደረገች። ነርሷ ምን ወደቀባት ብላ ቆማ አየቻት።

«ምን ይላል?» አለ።

አጠገቡ ያለውንም አንኳኳች፣ ጆሮዋን አዘንብላ። «ይኸኛው ሥሩ ባዶ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አለ። «ማን ይሆን የሠራው?» እያጉረመረመ ገባ።

ሐኪሙ ሲወጣ ስፌቱ እንዳማረ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሊለካ ለሚመጣ ሁሉ ሳትሰለች ታወራለች፦ ስለ ልም አጥንቱ፣ ስለ ክሩ፣ ከራሱ ስለወጣው እራፊ፣ ስለ ቀቢውም ወንድም። እንዴት ወደቀ ሲሏት ስፒሎቿን አፏ ውስጥ ትከታለች።

የምትዘላት ይህች ናት። ውኃልክ አንድ ወለል በጨረሰ ቁጥር፣ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት፣ በሩን ዘግቶ ጫማውን ያወልቃል። ሴራሚኮቹ እኩል መግጠማቸውን ለማወቅ ከእጅ ይልቅ እግር ይሻላል፤ ለዚያ ግን አንድ ዙር መራመድ በቂ ነው። የቀረው ለሥራ አይደለም። ከበሩ ተንደርድሮ፣ ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር በካልሲው ይንሸራተትበታል። ሳይንሸራተትበት ያስረከበው ወለል የለም። ያን ቀን ሳያያት የቀረች የደረቀች የስሚንቶ ፍርፋሪ ካልሲውን ያዘችው፤ እግሩ ቆመ፣ እሱ ዞረ። ዘበኛው ሰምቶት የመጣው ጩኸት ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው፣ ገና ከበሩ ሲነሣ ያወጣው፣ የደስታ ነበር።