ኮከቡ የደበዘዘበት ሰሞን

ናይሮቢ ላቪንግተን ሰፈር ካለው አፓርታማችን በረንዳ ላይ፣ ጥር ሲገባ፣ አመሻሹ ላይ ቤቴልጁስ የሚባለው ቀይ ኮከብ ከፍ ብሎ ይታያል። ከሥራ ስገባ ጫማዬን አውልቄ እሱን ማየት ልማዴ ነበር። አንድ ዓመት ግን ደክሞ አገኘሁት። በዙሪያው ያሉት ነጫጭ ከዋክብት እንደወትሮው ናቸው፤ ቀዩ ብቻ ደብዝዟል። ቀይ ቀለም እየጠፋኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

አባቴ ዓይኑን ያጣው በግላኮማ ነው፤ በዘር ሊተላለፍ የሚችል የዓይን ግፊት በሽታ ነው። መጀመሪያ ላይ «አምፖሉ ደክሟል፣ ቀይሩልኝ» እያለ እናቴን ያስቸግራት ነበር። አምፖሉ ግን ደህና ነበር።

ለማንም ሳልናገር ሰነበትኩ። ማታ መንዳት ትቼ በታክሲ መመላለስ ጀመርኩ። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጄ «ማሚ፣ መኪናው ምን ሆነ?» ስትለኝ «ትራፊኩ ሰለቸኝ» አልኳት።

በመጨረሻ ዌስትላንድስ ካለ የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ጠብታ ጨመረችልኝ፤ የዓይኔን ግፊት ለካች፤ በመብራት ውስጡን አየች። ወንበሩን ጨብጬ ጠበቅኩ።

«ዓይንዎ ጤናማ ነው» አለችኝ። «የአባትዎ ነገር ስላለ በየጊዜው ይታዩ እንጂ አሁን ምንም የለብዎትም።»

እንባዬ ከጠብታው ጋር ወረደ።

ጠብታው ዓይኔን ስላጭበረበረው ልጄ መጥታ ወሰደችኝ። ታክሲው ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ሳለ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ በስዋሂሊ «ፖሌ ማሚ»፣ አይዞሽ ብላ እጄን ያዘች፤ ቀጥላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ማሚ፣ የደበዘዘው እኮ ኮከቡ ራሱ ነው! ኢንተርኔቱ ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው።»

ስልኳን እያየች አስረዳችኝ። በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ምድርን የሚውጥ ግዙፍ ነው። ቀይ የሆነው ገጹ ከፀሐይ ገጽ ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። እየተነፋና እየተኮማተረ ስለሚኖር ብርሃኑ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የዚያን ሰሞን ግን ከወትሮው ይበልጥ ደብዝዞ ነበር፤ ራሱ የተፋው ጋዝ ቀዝቅዞ አቧራ ሆኖ ሳይጋርደው እንዳልቀረ ሳይንቲስቶች የተናገሩት ኋላ ነው።

«ሊፈነዳ ነው የሚሉም አሉ» አለችኝ። «ሩቅ ስለሆነ ግን አይነካንም።»

«የፈለገውን ይሁን!» ብዬ ሳቅኩ። ሹፌሩ ዞሮ አየን።

እቤት እንደገባሁ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ደውዬ «አንተም ሄደህ ተመርመር» አልኩት። «ፈርቼ እኮ ነው እስካሁን የተውኩት» አለኝ። በዚያው ሳምንት ሄደ። የእሱም ዓይን ደህና ነው።