የመድና ሆድና የግቢው ውሾች

መድና ሆዷን የነፋው ነገር ልጅ እንዳልሆነ ከማንም ቀድማ አውቃለች። ልጅ ይገላበጣል፣ ይራገጣል። ይሄ ግን በቀኝ ጎድኗ ሥር ተጎልቶ ቀስ እያለ ያድጋል።

እሷና ከድሮ የሚባለው ባሏ ከስልጤ አገር መጥተው አምቦ ገበያ ዳር የቆዳ መጋዘን ከከፈቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ከድሮ የበግ ቆዳ ይገዛል፤ እሷ ጨው ትነሰንሳለች፣ ታጥፋለች፣ ትከምራለች። ልጅ አልወለዱም። ቆዳውን ከሌባና ከጅብ የሚጠብቁ ሁለት ውሾች ግቢው ውስጥ ነበሩ። የሚያበላቸው የጎረቤቷ የሽታዬ ቤት ነው። የሽታዬ ባል ሥጋ ቤት ስላለው ለሰው የማይሆነውን ሳንባና ውሃ የቋጠረ ጉበት ሽታዬ በባልዲ ታመጣለች፣ መድና ትበትንላቸዋለች። ውሻ የላሰውን ዕቃ ደጋግማ የምታጥብ ሴት ናት፤ ወደ ቤትም አታስገባቸውም። ግቢው ግን የእነሱ ነው። የጎመኑም መደብ እዚያው ነው።

ሆዷን መጀመሪያ ያየችው ሽታዬ ናት።

“አንቺ፣ ከእኔም ትደብቂያለሽ?”

“ልጅ አይደለም፣ ሽታዬ።”

“ቡዳ ፈርተሽ ነው። ገባኝ፣ ለማንም አላወራም።”

ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ከድሮም የጨውን ጆንያ ከእጇ ቀማት። ለእሱም ያንኑ ነገረችው፤ ልጅ ቢሆን አውቀው ነበር አለችው።

“በምን ታውቂያለሽ? ወልደሽ አታውቂ” አላት። ሊጎዳት ብሎ አልነበረም፤ ደስታው አፉን ቀድሞት ነው። ደግሞ “ሳራስ በስተርጅናዋ አልወለደችም?” አለ። በማግስቱ አገር ቤት ለምትኖረው ለእናቱ ለሐሊማ መልእክት ላከ። መድና ቆዳውን ማጠፍ ቀጠለች። ሰው የሚወደውን ተስፋ በየቀኑ መንቀል ይደክማል።

ጎንበስ ማለት ሲያቅታትና ሌሊት በአንድ ጎኗ ብቻ መተኛት ሲሆንባት ግን ጤና ጣቢያ ሄደች። ድሬሰሯ ጌጤነሽ በእጇ ዳብሳ ዳብሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

“አዴ መድና፣ ይሄ እርግዝና አይደለም። አዲስ አበባ ይታይ።”

“አውቃለሁ” አለች መድና።

አዲስ አበባ ራጅ አነሷት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጠየቃት ነገር ስለ ሆዷ ሳይሆን ስለ ግቢዋ ሆነ። ውሻ አለ ወይ አላት። አለ አለችው። ምን ይበላል አላት። ነገረችው።

“ውሃ የቋጠረውንም ጉበት?”

“ለሰው አይሆንማ፤ ለእነሱ ነው የምንጥለው።”

“እሱ ነው ነገሩ። እዚያ ውሃ ውስጥ ያለው ዘር ውሻው አንጀት ገብቶ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በዓይን አይታይም። አፈር ላይ ይቀራል፣ ጎመን ላይ፣ እጅ ላይ። በግ ከሣር ጋር ይግጠዋል፣ ሰው ሳያውቅ ይበላዋል። በበጉ ጉበት ላይ ያዩት ውሃ አሁን በእርስዎ ጉበት ላይ ነው ያለው።”

“መቼ ገባብኝ?”

“እንጃ። ከዓመታት በፊት ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።”

መድና እጆቿን አየቻቸው። ጨው የበላቸው፣ የተሰነጣጠቁ እጆች ናቸው።

ከድሮ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር። ወጥታ የተባለችውን ሁሉ ነገረችው።

“ጨርሶ ልጅ አልነበረም?”

“ነግሬህ ነበር እኮ።”

“ነግረሽኛል” አለ፤ ፊቱንም በነጠላው ጠረገ።

ሆዷ ተቀዶ፣ ውሃውን የቋጠረው ከረጢት እንዳይፈስ በጥንቃቄ ወጥቶ፣ ተሰፍታ ወደ አምቦ ስትመለስ አማቷ ሐሊማ የአራስ ቅቤ በእንስራ ይዛ ቤት ገብታ ጠበቀቻት። የተላከላት መልእክት የልጅ ነበረ። መድና ቅቤውን አይታ በሩ ላይ ቆመች። አሮጊቷ ግን ጉዳዩን ከልጇ ሰምታ ነበር፤ እጇን ይዛ አስተኛቻት።

“የተቀደደ ሆድ ነው። አራስም ያው ናት” አለች።

ገንፎውን አገነፋች፣ ቅቤውን አፈሰሰችበት፣ ደጅ እንዳትወጣ ከለከለቻት። መድና ከታመመች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው።

ስትበረታ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናገረች። መናገር አትወድም፤ ሌላው እንዳይደርስበት ብላ ነው። ሳንባውንና ጉበቱን ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት፣ ልጆቻችሁ እጃቸውን ይታጠቡ አለች። ሊቀ መንበሩ ጓድ ኢዶሳ አመሰገናትና ውሻ የበሽታ ምንጭ መሆኑን ለሕዝቡ አስረዳ። በሳምንቱ በሥጋ የተለወሰ መርዝ በየመንገዱ ተበተነ። የሰፈሩ ውሾች አለቁ፤ የእሷም ሁለቱ በጎመኑ መደብ ላይ ተዘርረው ተገኙ። “መድና አስገደለቻቸው” ተባለ። ሰላምታ የነፈጓትም ነበሩ። ቅበሩት ማለቷን ማንም አላስታወሰም፤ ሥጋ ቤቶቹም ሳንባውን እንደ ቀድሞው መጣላቸውን ቀጠሉ። ክረምቱ ሳይወጣ ከገጠር ሌሎች ውሾች መጡ።

ከደጋው ከጎጆ ከተማ የበግ ቆዳ የሚያመጣላቸው ኦቦ ኤጄታ አንድ ቀን “አካም ጅርታ፣ አዴ መድና” ብሎ ሲቀመጥ፣ እሱ እንኳ ይስማኝ ብላ ሁሉንም አጫወተችው። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰማት።

“ታዲያ ውሻው ምን ይብላ?”

“ቀቅለህ ስጠው።”

“እኛ አገር ብርድ ነው፤ ማገዶው ለሰውም አልበቃ። ለውሻ ሳንባ ልቀቅል?”

መድና ሻይ ቀዳችለት።

ሽታዬ ለእሷ ብላ ባልዲውን ወደ መድና ግቢ ማምጣት ተወች። ሁሉቃ ወንዝ ዳር ትደፋዋለች። ውሾቹም ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ልጆች ልብስ የሚያጥቡት እዚያ ነው። መድና ይህን ስታይ አካፋ ይዛ ወርዳ፣ ስፌቷ እየጎተታት፣ የተደፋውን ቀበረችው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደግሞ ሄደች። ከድሮ አይሆንም አላት፤ ኋላ ግን እሱ ራሱ ይቆፍርላት ጀመር፣ አንዳንዴ እያጉረመረመ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ለክትትል አዲስ አበባ ስትሄድ ጉበቷ ላይ ሌላ ትንሽ ከረጢት ታየ። ሐኪሙ ጊዜ እንስጠው፣ ላያድግም ይችላል አላት። እሷም ይሁን አለች። አውቶቡሱ አምቦ ሲያወርዳት መሽቶ ነበር። ሽታዬ በር ላይ ሆና ምን አሉሽ ብላ ጠየቀቻት።

“ደህና ነሽ አሉኝ” አለች መድና፤ ወደ ቤት ገብታም ጫማዋን አወለቀች።