ጭስ ያጣው ኩራዝ

ዛሬ ጭሮ ከተማ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሞባይሉን ያበራል፤ እኔ ግን ሼህ ዩሱፍ ትዝ ይሉኛል። ያኔ ከተማዋን አሰበ ተፈሪ ስንላት፣ ከጎጃም ተመድቤ ፊዚክስ ሳስተምር የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነበር። ለደረሶቻቸው፣ ለሰፈሩ ልጆች፣ ቁርአን ያስቀሩ ነበር።

ኩራዛቸው ጥላሸት እየተፋ አፍንጫችንን ሲያጠቁረው አላስችል አለኝ። በክሩ ዙሪያ አየር የሚያስገባ፣ የተበሳሳ የቆርቆሮ ቀለበት ሠርቼ በላዩ የአሮጌ ፋኖስ ብርጭቆ ገጠምኩለት። ነበልባሉ ጠራ፤ ጭስ የሚባል ጠፋ። ሼህ መርቀውኝ ወሰዱት።

በሳምንቱ ኩራዙን ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

“መምህር፣ አላህ ይስጥህ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ግን የድሮውን ጭስ መልስልኝ።”

“ምነው ሼህ፣ ዓይንዎን ያቃጥልዎት አልነበር?”

“እሱማ ያቃጥላል” አሉ፣ ንጹሑን ብርጭቆ በጣታቸው ጠረግ አድርገው እያሳዩኝ። “ግን ደረሶቼ ሳምንቱን ሙሉ የእንጨት ሰሌዳቸው ላይ አልጻፉም። ቀለማቸውን የምበጠብጠው በዚህ ኩራዝ ጥላሸት ነበር።”