የፍየል ጠጉር ጢም

የባለቤቴን ልብሶች የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ ከአልጋው ሥር ያለውን አሮጌ ሳጥን ስከፍት፣ ክዳኑ ገና ተነስቶ ሳያልቅ የፍየል ጠጉር ሽታ መጣ። ከደረቀ ኮላና ከብል መድኃኒት ጋር የተደባለቀ ሽታ ነው። ልብሶቹን እንዳቀፍኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ብዙ ሳልነሳ ቆየሁ፤ አባቴ መኝታ ቤት ካለው መስታወት ፊት ቆሞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ያንን ጢም በጥንቃቄ እየለጠፈ «ሰሚራ፣ ጠመመ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። ሁልጊዜ ትንሽ ይጠምም ነበር፣ እኔም ሁልጊዜ «ቀጥ ብሏል አባ» እለው ነበር።

አባቴ ከድር ጅጅጋ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ሱቁን የከፈተው ከወሎ ለንግድ የመጣው አያቴ ሲሆን፣ አባቴ እዚያው ተወልዶ፣ ሶማልኛውን ከአማርኛው እኩል እየተናገረ አድጎ፣ በሥራ ቀን ጨርቅ ሲለካ ይውልና እሑድ እሑድ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ባቋቋመው ትንሽ የቴአትር ቡድን ውስጥ ሽማግሌ ሆኖ ይጫወት ነበር። ከአሥር አይበልጡም ነበር፤ አስተማሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ የቢሮ ጸሐፊ፣ ባጃጅ ነጂ። መድረካቸው የእድር አዳራሽ ነበር፣ ከካራማራ ተራራ በኩል ነፋስ በተነሳ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ እየተንቋቋ ድምፃቸውን ይውጠው ስለነበር፣ ተዋንያኑ ባሉበት ቆመው ነፋሱ እስኪያልፍ መጠበቅን ለምደው ነበር፣ ተመልካቹም አብሯቸው ይጠብቅ ነበር።

ካሳዩዋቸው ቴአትሮች ሁሉ ሰው የሚወደው አባቴ የጻፈውን ነበር። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት ለመሸጥ ይጣላሉ፣ ትልቁ ሸጠን ከተማውን እንልቀቅ ሲል ትንሹ እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ ጎረቤታቸው የሆነው ሽማግሌ መጥቶ ያስታርቃቸውና ትልቁ እንዲሄድ፣ ትንሹ እንዲቀር፣ ቤቱም እንዳይሸጥ ወስኖ «በሩን ግጠሙት፣ አትቆልፉት፤ የሄደው ሲመለስ ማንኳኳት የለበትም» ይላል። መጋረጃው የሚዘጋው በዚህ ቃል ነበር። ትንሹን ወንድም የሚጫወተው ባጃጅ ነጂው አብዲ የአማርኛውን ንግግር ተከትሎ በሶማልኛ እየደገመ፣ ከራሱም እየጨመረ ግማሹን አዳራሽ ያስቅ ነበር፣ አባቴም የጨመረውን ሁሉ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈው ነበር።

ቡድኑ አንድ ሕግ ነበረው፣ ያወጣውም አባቴ ነበር። ከተማውን የሚለቅ ሰው ድርሻውን ለሌላ ሳያስረክብ አይሄድም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ የሚሄደው ሰው አዳራሹ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥና፣ ተረካቢው ድርሻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይልለት ነበር። ዓይኑን አንድ ጊዜም ሳይከፍት ካለቀ ርክክቡ ተፈጸመ ማለት ነው፤ የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ዓይኑን ከከፈተ ግን ሁለቱም እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆያሉ።

በ2010 ክረምት ከተማው ተረበሸ። ሱቃችን ተሰብሮ ጨርቁ ተወሰደ፣ እኛም ለቀናት ከቤት ሳንወጣ፣ አብዲ በጓሮ በኩል እየመጣ በአጥሩ ቀዳዳ ዳቦ እያቀበለን ሰነበትን። ነገሩ በርዶ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ እናቴ ግን እንደ በፊቷ መሆን አልቻለችም። የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር የያዘችውን አስቀምጣ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ የሰውየውን ድምፅ ሰምታ እስክትለይ ድረስ አትነቃነቅም ነበር። እኔም ከእሷ ለምጄ ማንኳኳት እቆጥር ጀመር፤ አብዲ ሁለት ጊዜ ፈጠን አድርጎ፣ አባቴ አንድ ጊዜ በቁልፉ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ የማይታወቅ ነበር።

መስከረም ከጠባ በኋላ ሰዎች አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ የሄዱት የወንድማማቾቹን እናት የሚጫወቱት ልብስ ሰፊዋ እትዬ አልማዝ ነበሩ፤ ድርሻቸውን ለአስተማሪዋ አስረክበው፣ የሚለብሱትን ነጠላ አጣጥፈው ሰጥተው፣ ሐዋሳ ያለው ልጃቸው ጋ ሄዱ። በኅዳር አስተማሪዋም በተራዋ ለሌላ አስረክባ ሄደች። ታኅሣሥ ሲገባ አምስት ሰው ቀርቶ፣ አንዱ የሦስት ሰው ድርሻ ይዞ፣ ባርኔጣ እየቀያየረ ሲለማመድ አብዲ እየሳቀ ያለቅስ ነበር። ያን ጊዜ አባቴ በጥር ሦስት እሑዶች ተጫውተን፣ ሕዝቡን ተሰናብተን፣ አዳራሹን ለእድሩ እንመልስ አለ። እኛም እንደምንሄድ የተነገረኝ በዚያው ሰሞን ነበር።

«ለሚፈርስ ቡድን ነው ድርሻ የምታስረክበው?» አለችው እናቴ።

«ሌላውን ሁሉ አስረክብ ብዬ ይዤ፣ እኔ ዝም ብዬ ልውጣ?»

«እሺ ከድር። የሚረከብህ በተገኘ ማግስት ግን አዳማ ነኝ፣ ካንተ ጋርም ያለአንተም።»

«በማግስቱ» አላት።

አዳማ አክስቴ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። በስሜ የሚጠራኝ ሰው የሌለበት መንገድ፣ በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ የማልለይበት ቤት ነበር። ስለዚህ በየሰላቱ መጨረሻ፣ እናቴ አጠገቤ ሆና በሰላም እንድንወጣ ስትለምን፣ እኔ የአባቴን ድርሻ የሚረከብ ሰው እንዳይገኝ እለምን ነበር።

ግን ተገኘ። ሙስጠፋ ይባላል፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ያገባሁት ሙስጠፋ ነው። ያን ጊዜ እኔ አሥራ አራት፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር፣ ከአጎቱ ጋር በጭነት መኪና ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ጅጅጋ ዕቃ ያመላልስ ነበር። ቤተሰቦቹ እንደ እኛው ከወሎ የመጡ ቢሆኑም እሱ ያደገው ቶጎጫሌ ስለሆነ፣ የተማረውም በሶማልኛ ስለሆነ፣ አማርኛውን እንደኛ ቢናገርም ፊደሉ ላይ ቀስ ይል ነበር። አባቴም የተሰበረውን ሱቅ ለመሸጥ ሲሯሯጥ ጊዜ ስላልነበረው «ሰሚራ ታንብብልህ፣ አንተ በጆሮህ ያዝ» አለው።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን የመጀመሪያውን ቀን በትክክል አነበብኩለት። በሁለተኛው ቀን እናቴ ከጎናችን ካርቶን እየጎተተች፣ በየካርቶኑ ላይ በወፍራም ብዕር የአክስቴን ስም ትጽፍ ነበር። እሷን እያየሁ አንብቤ አንብቤ መጨረሻው ላይ ስደርስ «በሩን ቆልፉት፤ ማንም አይሄድም» አልኩ።

ሙስጠፋ ቀና ብሎ አየኝ። «እንደዚያ ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ነው።»

«አንቺ ካልሽ እንግዲህ» አለና ሦስት ጊዜ ደገመው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አባቴ ከፊት ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሙስጠፋ አንድም ቃል ሳያዛባ ሄዶ ሄዶ በሩን ቆልፉት ሲል የአባቴ ዓይን ተከፈተ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሙስጠፋ ወደ እኔ አልዞረም። «አፌ ላይ መጣ ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ።

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ሽማግሌው እስር ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?» አለ አብዲ፣ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ከሁሉም ዘግይቼ ሳቅሁ።

በሁለተኛውም ቅዳሜ ያንኑ አለ፣ አባቴም ያንኑ ቦታ ላይ ዓይኑን ከፈተ። አንድ ሳምንት ጨመርኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ቤት ስገባ እናቴን ወጥ ቤት አገኘኋት። ለራት የሚሆን ሳህን ከታሰረው ካርቶን አውጥታ፣ አብልታን፣ አጥባ፣ አድርቃ መልሳ ስታስር ሳምንቱን ሁሉ ሰንብታ፣ አሁንም እንደገና ገመዱን ፈትታ ሳህን እያወጣች ነበር። በሩ ተንኳኳ። የማይታወቅ ዓይነት ነበር። ሳህኑ ከእጇ ወድቆ ሲሰበር ስብርባሪውን እንኳ ሳታይ ክንዴን ይዛ ከግድግዳው ጋር አጣበቀችኝ፣ ልቧ በቀሚሷ ውስጥ ሲመታ ትከሻዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። የመጣችው ጨው የምትበደር የጎረቤት ልጅ ነበረች። ጨመርኩ ያልኩት ሳምንት ከእናቴ የቀነስኩት መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ፣ ሙስጠፋ በነጋታው ሲመጣ እውነተኛውን ቃል ልነግረው ወሰንኩ።

ሙስጠፋ ግን አልመጣም። መኪናቸው ቶጎጫሌ ፍተሻ ላይ ተይዞ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ቀረ፣ ሦስተኛው ቅዳሜም ያለ ርክክብ አለፈ። እኔም የሠራሁትን ለአባቴ ለመናገር አፌን እየከፈትኩ መልሼ እዘጋው ነበር። አባቴ «እሑድ በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሕዝቡ ፊት ይረከበኛል፤ ካልደረሰም ተጫውቼ እጨርሳለሁ፣ ግን አልሄድም» አለ።

የመጨረሻው እሑድ አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። ሙስጠፋ አቧራ እንደለበሰ፣ ቴአትሩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ደረሰ። አባቴ ጢሙን ከአገጩ ላይ አላቅቆ ለአብዲ ሰጠና ሄዶ ከፊት ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ስገባ አብዲ ጢሙን ለሙስጠፋ እየለጠፈ «ይሄ ፍየል የቶጎጫሌ ነው፣ ጉምሩክ ሳያየው ነው የገባው፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ» ይለው ነበር።

«ሙስጠፋ፣ መጨረሻው ላይ ያለው…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰሚራ፣ ውጪልን፣ ገብተናል» ብሎ አብዲ ገፋ አደረገኝ፣ መጋረጃውም ተከፈተ።

ሄጄ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ጭና ይዛዋለች። ሙስጠፋ ወንድማማቾቹን አስታርቆ ወደ በሩ ዞረ፣ እጁን አነሳ፣ ልክ በዚያ ሰዓት ነፋሱ መጣ። ቆርቆሮው መንቋቋት ጀመረ። ሙስጠፋ እጁን እንዳነሳ ቆመ፣ አብዲ ቆመ፣ አዳራሹ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀ። አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ ነበር። ነፋሱ እንዳያልፍ ለመንኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቶሎ እንዲያልፍ ለመንኩ፣ የትኛውን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር።

ቆርቆሮው ጸጥ አለ።

«በሩን ግጠሙት፣ አትቆልፉት» አለ ሙስጠፋ፤ «የሄደው ሲመለስ ማንኳኳት የለበትም።»

አብዲ ይህን አንድ ቃል ብቻ ምንም ሳይጨምርበት በሶማልኛ ደገመው። ጭብጨባው ተጀምሮ እስኪያልቅ አባቴ ዓይኑን አልከፈተም፤ ከተጨፈነው ዓይኑ ሥር ግን ጉንጩ ርሶ ነበር።

በማግስቱ ዕቃችንን የጫነው የሙስጠፋ አጎት መኪና ነበር። ሙስጠፋ ገመድ ሲያስር ጠጋ ብዬ «ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«መጨረሻውን ነዋ።»

«ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አጎቴ በየዓመቱ እያመጣኝ አይቸዋለሁ። ሽማግሌው የሚሉት ጠፍቶኝ ነው?»

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን…»

ገመዱን ሳበና አጠበቀ። «ሁለት ሳምንት የፈለግሽ መሰለኝ። ሦስተኛውን ግን እናትሽ የሚችሉት አልመሰለኝም።»

አድጌ፣ አግብቼው ጅጅጋ ስመለስ ጢሙ ሙስጠፋ ባስቀመጠበት በዚህ ሳጥን ውስጥ ነበር። የእድሩ አዳራሽ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል፣ ሙስጠፋም ጢሙን ዳግም መድረክ ላይ አድርጎት አያውቅም፤ ከመንገድ ሲመለስ ግን እኔ ሳልቆልፈው በጠበቅሁት በር ገብቶ የሽማግሌውን ቃል ይል ነበር፣ አንዳንዴም ሊያስቀኝ ሲፈልግ የእኔን ይል ነበር። ባለፈው መስከረም ታመመ። በአምስተኛው ቀን ቀበርነው፤ ለማንም ምንም ሳያስረክብ ሄደ።

ያን ጊዜ የምፈራው የአባቴን ድርሻ የሚረከብ ሰው ይገኛል ብዬ ነበር። አሁን ጅጅጋ ውስጥ ድርሻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ የሚረከበኝም ሰው አላየሁም። እናቴ ከአዳማ በየሳምንቱ ዓርብ ትደውላለች። ሳህኖቹን አስሬ የምጠብቅ አሁን እኔ የሆንኩ ይመስል «ሰሚራዬ፣ አሁንስ መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። ባለፈው ዓርብ ጢሙን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር ስልኩን ያነሳሁት።

«የሚረከበኝ ሰው በተገኘ ማግስት» አልኳት።

ስልኩን ከአፏ ራቅ አድርጋ «ከድር» ስትል ሰማሁ፣ «ና፣ ልጅህ የምትለውን ስማ።»