«እኛ» የምትለው ማንን ነው?

ባለፈው ሳምንት ቦሌ ሚካኤል አንዲት የሱማሌ ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ በወተት ባዝዝ፣ ገና ወደ አፌ ሳላስጠጋው የታጠነ የወተት ዕቃ ጠረን አፍንጫዬን ያዘውና ወስዶ ልጅነቴን ካሳለፍኩባት ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ኤዶ ሐሊማ ደጃፍ ላይ አስቀመጠኝ። ኤዶ አክስቴ እንደማለት ነው፤ ወተት ነጋዴዋ ጎረቤታችን በሥጋ ባትዘመደንም እኔን ከልጆቿ ለይታ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ ላይ ረቡዕና ዓርብ ወተቷን ስንተው የተጠየፍናት መስሏት ተቀይማ፣ ጾም መሆኑን ስትረዳ ግን «አምላካችሁን ከፍየሎቼ ጋር ምን አጣላው?» ብላ ስቃ ተወችው።

አባቴ ወደ በርበራ የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች መካኒክ ነበር። አገር ቤት ድቁና ተምሮ ደርግን ሸሽቶ የወጣ ሰው ነውና ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት በግዕዝ ሳይጸልይ አይወጣም፤ ድምፁም ከሞተር ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው ድምፅ ስለሆነ ሹክሹክታ አያውቅም። እኔና እናቴ ግዕዙን ባንሰማውም አሜን እንላለን።

በ1980 ዓ.ም. የሱማሊያን መንግሥት የሚወጉት አማጺዎች ወደ ከተማዋ ተቃርበዋል ተባለና ሰው ሁሉ ሰውን ይጠረጥር ጀመር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና የመንግሥት ወታደሮች ጎረቤቶቻችንን በጎሳቸው፣ እኛን በሐበሻነታችን ይከታተሉ ነበር። የኤዶ ሐሊማን የበኩር ልጅ ወስደው አልመለሱትም። የአባቴ ጸሎትም ከሰው ጆሮ የገባው በዚሁ ሰሞን ነው። አንድ ማለዳ አንድ መኮንን ድሬዳዋ ያደገውን ባለሱቅ ዑመርን፣ ከእኛ የተሻለ አማርኛ የሚናገረውን፣ እየነዳ አምጥቶ መስኮታችን ሥር አስደመጠው። ዑመር ምስኪን እውነቱን ተናገረ።

«ወላሂ፣ አማርኛ አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ሐበሻ አማርኛ ያልሆነ ነገር በማለዳ ሲናገር የስለላ ምስጢር እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው።

አባቴን ግቢው መሃል አቆሙት፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ሆኖ ያያል። ትርጉሙን በሱማልኛ እንዲናገር ሲታዘዝ፣ ከስድብና ከመለዋወጫ ስም ብዙም በማያልፈው የጋራዥ ሱማልኛው፣ «አምላክ ሆይ ማረን ነው የምለው» አለ። ታዲያ ሱማልኛ እንደኛ ቋንቋ «እኛ» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ የሚያነጋግሩትን ሰው ሳይጨምር ሲሆን «አነጋ»፣ እሱንም ጨምሮ ሲሆን «ኢነጋ» ነው። መኮንኑ ይህችን ያዘ።

«እኛ የምትለው ማንን ነው? አነጋ ወይስ ኢነጋ?»

አባቴ ወደ ኤዶ ሐሊማ ተመለከተ፤ ከዚያ «ኢነጋ» አለ። «አንተም አለህበት። የማምነው ጌታ ወገን እንድለይ አልፈቀደልኝም።»

መኮንኑ ፈገግ ብሎ ወታደሮቹን ይዞ ሄደ። ያ ፈገግታ ምን ማለት እንደነበር እስካሁን አላውቅም። አባቴ ስለተረፈ እናቴ መሬቱን ሳመች። በማግስቱ ግን ወተት አልመጣም። እናቴ ዕቃዋን ይዛ ብትሄድ ኤዶ ሐሊማ በሯን ሳትከፍት፣ «ልጄን ለወሰደው የሚጸልይ ሰው ወተቴን አይጠጣም» አለቻት። እናቴም በልቧ ሳትፈርድላት አልቀረችም፤ ከዚያ ወዲህ ለአባቴ ጸሎት አሜን ስትል አልሰማኋትም።

የመንግሥት አውሮፕላኖች ከተማዋን መደብደብ ሲጀምሩ አባቴ ከጋራዡ አንድ መኪና አስነስቶ የሰፈሩን ሴቶችና ልጆች ጫነና ኤዶ ሐሊማ ደጃፍ ላይ አቆመ። «ውጪ እህቴ፣ አብረን እንሂድ» ብሎ ለመናት። እሷ የመኪናውን ጎን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ «ሂዱ። እኔን ከኢነጋችሁ አውጡኝ» አለች። ልጇ ቢመጣ ቤቱን ተዘግቶ እንዳያገኘው ይሁን፣ በእኛ ተቀይማ ይሁን፣ አልገባኝም፤ ብቻ ቀረች።

ምን እንደደረሰባት የነገረን የለም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንኑ ጸሎት በዚያው ድምፁ ጸለየ፤ ልክ ነበር እላለሁ፣ ግን ዋጋውን የከፈልነው እኛም ነን። ከዚያ በኋላ ቤትም ሰፈርም አግኝቻለሁ፤ ሳላንኳኳ የምገባበት የጎረቤት በር ግን አላገኘሁም። ዛሬ በስብሰባም፣ በቴሌቪዥንም፣ በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረትም ሰው «እኛ» ባለ ቁጥር፣ ኤዶ ሐሊማ አለችበት ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የለችበትም።