የካሳይ የጠዋት መንገድ

ካሳይ ረግቶ መቀመጥ አይሆንለትም። ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሠራ፣ እግሩ ጠረጴዛው ሥር አርፎ አያውቅም። እስክሪብቶ ካላኘከ ክሊፕ ያጣምማል፤ እሱም ሲሰለቸው ሻይ ያዛል። ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በቀን አምስት ብርጭቆ። ከአራት ሰዓቱ ሻይ ጋር ደግሞ ቦምቦሊኖ አለ። ይህን ሁሉ እየተቁነጠነጠ ግን በእግሩ አይሄድም። ከኦሎምፒያ ጀርባ ካለው ቤቱ በታክሲ ይመጣል፣ በታክሲ ይመለሳል።

በ1997 ዓ.ም. ክረምት የውኃ ጥም ያሰቃየው ጀመር። ልብሱም ሰፋው። መድኃኒት የምትባለው ሚስቱ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችው። ወጣቷ ሐኪም የምርመራውን ወረቀት አየችና «ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል» አለችው። «ክኒን አዝዝልዎታለሁ፤ እሱ ብቻውን ግን አይበቃም። ጣፋጭ ይቀንሱ፣ በየቀኑም ይራመዱ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ካሳይ በማግስቱ ቱታና ሸራ ጫማ ገዛ። ሊነጋጋ ሲል መስቀል አደባባይ ወጥቶ ከጎረምሶቹ እኩል ደረጃ ለደረጃ ሮጠ። በአራተኛው ቀን ጉልበቱ አበጠ። እብጠቱ ሲቀንስ ደምበል አካባቢ ጂም ተመዘገበ፤ ማሽን ላይ ሆኖ ግድግዳ እያዩ መሮጥ አንገሸገሸውና በሦስተኛ ቀኑ ተወው። ቀጥሎ ስኳርን ጨርሶ እርም አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቢሮ ውስጥ ያልተጣላው ሰው አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ከመደርደሪያው ኋላ ቆሞ ሁለት ቦምቦሊኖ ዋጠ።

«አንተ እኮ በሩጫ ትጀምራለህ፣ በሩጫ ትተዋለህ» አለችው መድኃኒት።

ጥቅምት ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ኦሎምፒያ ታክሲ ጠፋ። ካሳይ ወዲያ ወዲህ ሲንቆራጠጥ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ጉርሜሳ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ ሲመጡ አየ።

«ጋሽ ጉርሜሳ! በእግር ነው እንዴ?»

«ከቄራ ተነሥቼ እዚህ ደርሻለሁ። ካዛንቺስ ታዲያ ምን ቀራት? ይምጡ፣ እንሂድ።»

አብረው ሄዱ። ካሳይ ይቸኩላል፣ ይቀድማል፣ ቆሞ ይጠብቃል። ሽማግሌው አካሄዳቸውን አልቀየሩም። ኡራኤል ሲደርሱ ካሳይ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለመ፤ እሳቸው ቆመው ጠበቁት። የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ «ነገም አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ጥግ እጠብቅዎታለሁ» አሉት።

በማግስቱ ባቱ ተሳስሮ ነቃ። ሊቀር ወሰነ። ግን ጋሽ ጉርሜሳ ስልክ የላቸውም፤ ማን ይንገርለት? ሽማግሌውን ብርድ ላይ ገትሮ መቅረት ደግሞ ነውር ሆነበት። «ዛሬ አልችልም» ሊላቸው ወጣ። ጥጉ ላይ ቆመው ሲያያቸው «እንግዲህ አንዴ መጥቻለሁ» አለና ሄደ። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስም።

ሻዩን በተመለከተም ጋሽ ጉርሜሳ መላ ዘየዱለት። «በአንዴ አይተዉት። ዙለይካን ያማክሯት።» ዙለይካ የቢሮው ሻይ አፍይ ናት። ካሳይ ለብቻዋ ጠርቶ «በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺልኝ፤ ለእኔ ግን እንዳትነግሪኝ» አላት። ከወር በኋላ «የዘንድሮ ስኳር ምን ሆኖ ነው እንዲህ ጣዕም ያጣው?» እያለ ሲያማርር፣ ዙለይካ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ወር ሄደ። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ፤ የምርመራው ቁጥርም ወረደ። ሐምሌ ሲመጣ የጋሽ ጉርሜሳ ልጅ ለአባቷ ሞባይል ገዛችላቸው። ቁጥሩን በደስታ ሰጡት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ካሳይ ስልኩን አነሣ። «ጋሽ ጉርሜሳ፣ ዛሬስ ራሴን አሞኛል።» በማግስቱም ራሱን አመመው። በሦስተኛው ቀን መደወሉንም ተወ። ሽማግሌው በር ላይ ባዩት ቁጥር «ተሻለዎት?» ይሉታል። ይህች «ተሻለዎት» ቀኑን ሙሉ ትከነክነዋለች። ወንበር ላይ አላስቀምጥ፣ ምሳ አላስበላ አለችው።

በዘጠነኛው ቀን የተሳፈረባት ታክሲ ኡራኤል ላይ መንገድ ተዘጋግቶባት ቆመች። ካሳይ ጉልበቱን አጣጥፎ፣ አንገቱን ሰብሮ ቆየ ቆየና አላስችል አለው። «ወራጅ አለ!»

ወያላው «በዚህ ዝናብ?» አለው።

«ክፈት በቃ!»

ያለ ጃንጥላ ወረደ። በር ሲደርስ ውኃው ከኮቱ ይንጠባጠባል። ጋሽ ጉርሜሳ ብድግ አሉ። «ራስዎንስ?»

«ራሴን አላመመኝም ነበር። ዋሽቼዎት ነው።»

«አውቄያለሁ» አሉ ፎጣ እያቀበሉት። «ራሱን የሚያመው ሰው ቦምቦሊኖ ይዞ በዚህ በር አያልፍም።»

ካሳይ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ። ስልኩን አውጥቶ ቁጥራቸውን ፊታቸው አጠፋው። በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጥጉ ላይ ቀድሟቸው ተገኘ።

ሦስት ዓመት አብረው ሄዱ። በ2001 ዓ.ም. ጋሽ ጉርሜሳ ጡረታ ወጡና ቢሾፍቱ እህታቸው ዘንድ ገቡ። የመጀመሪያው ሰኞ ካሳይ ደጁ ላይ ሲያመነታ አረፈደና ታክሲ ያዘ። ማክሰኞም ያዘ። ረቡዕ ዕለት መድኃኒት ሳትጠየቅ ጫማውን በር ላይ አስቀመጠችለት፤ እያጉረመረመ አጥልቆ ሄደ።

ክኒኑን ዛሬም ይውጣል። ከሥራ ቀናት አራቱን በእግሩ ይሄዳል። በአምስተኛው ቀን ከራሱ ጋር ሲጣላ ይውላል።